መርዶ ከሞት አይቀድምም

አባቴ ያረፈው በሰኔ ወር፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ላይ ነው። ሰዓቱን ያየሁት በራሱ የእጅ ሰዓት ነበር። ሆስፒታል የገባ ዕለት ነርሷ ከእጁ ፈትታ ስትሰጠኝ ኪሴ ከትቼዋለሁ፤ የቆዳ ማሰሪያው ከላብና ከዘመን ብዛት ጨርቅ መስሏል፣ መስታወቱ በስድስት ቁጥር በኩል ተጭሯል። ዶክተሩ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብሎ ሲወጣ ሳላስበው አውጥቼ አየሁት።

መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። የሚኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ዋሽንግተን ጥግ። እዚያ ገና ትናንት ነበር፤ በእነሱ አቆጣጠር ምሽት 8፡10። ስልኬን አወጣሁ፣ ስሙ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ፣ ሳልጫነው መልሼ ከተትኩት። በእኛ ቤት መርዶ በስልክ አይነገርም። ሲነጋጋ አጎቴም ያሉት ይህንኑ ነው፦ "ልጁ ሰው አገር ብቻውን ቆሞ አይሰማትም። ጓደኞቹ ተሰብስበው ጎህ ሳይቀድ ቤቱ ይሂዱ።"

ጓደኞቹን እስክናገኝ፣ እነሱም ከሥራ ፈቃድ ወስደው እስኪሰባሰቡ ሁለት ሌሊት አለፈ። በመሀል ቀብሩ ተፈጸመ። ዘመድ ወዳጁ ፌስቡክ ላይ ፎቶ እንዳይለጥፍ አንድ በአንድ ለመንን። ወንድሜ ሁለት ጊዜ ደወለ። አንዱን የደወለው ድንኳን ውስጥ ንፍሮ እየታደለ ሳለ ነው፤ ስልኩ እጄ ላይ እየነዘረ ስሙን ሳይ ቆየሁ፣ አላነሳሁም። አባታችን ለእኔ ሞቶ ተቀብሯል። ለእሱ ግን ኦክስጅን ተደርጎለት ተኝቷል፣ ነገ ይሻለዋል።

ስለ ብርሃን ፍጥነት ለመጻፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። ከእነዚያ ሁለት ቀናት ሌላ መግቢያ ግን አላገኘሁለትም።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለን የፊዚክስ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ 300,000 ብሎ ጻፈና "በሰከንድ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚህ የሚፈጥን የለም" አለን። እጄን አውጥቼ "ለምን?" አልኩ። "ሕግ ነዋ!" አለና ወደ ቀጣዩ ርዕስ ሄደ። ያ መልስ ለብዙ ዓመት የተሳሳተ ሥዕል ሣለብኝ። ብርሃን የሩጫ ሻምፒዮን፣ የቀረው ነገር ሁሉ ደግሞ በቅጡ ያልሠለጠነ ሯጭ ሆኖ ይታየኝ ነበር። ሪከርድ ደግሞ ይሰበራል፤ እኛ አገር ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። ዛሬ ባይሆን ነገ የተሻለ ሞተር የሠራ ሰው ይሰብረዋል ብዬ አምን ነበር። አራት ኪሎ ገብቼ ፊዚክስ ሳጠና ቀመሩን ተማርኩ፣ ፈተናውንም አለፍኩ። ሥዕሉ ግን ከውስጤ የወጣው በጣም ዘግይቶ ነው።

አሁን የምሠራው ኔትወርክ ላይ ነው፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት ፎቆች በአንዱ። "ሲስተም የለም" ሲባል የሚጠራው እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዬ ፍራንክፈርት ያለ ሰርቨር ላይ ፒንግ ማድረግ ነው። ትንሽ ጥያቄ ትሄዳለች፣ መልሷ ይመጣል፣ ስክሪኑ ደርሶ መልሱ የፈጀውን ጊዜ በሚሊ ሰከንድ ያወጣል። ከ100 በታች ወርዶ አይቼ አላውቅም። አንድ ቀን አለቃዬ "ባንድዊድዙን እጥፍ ብናደርገው ይህ ቁጥር በግማሽ ይወርዳል?" ብለው ጠየቁኝ። አይወርድም። መንገድ ሲሰፋ ብዙ መኪና ያልፋል እንጂ አዳማ አይቀርብም። ፍራንክፈርት ከእኛ በአየር 5,300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ብርሃን በፋይበሩ መስታወት ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ገመዱ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳን ደርሶ መልሱ 53 ሚሊ ሰከንድ ይፈልጋል። ገመድ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ይዞራል፣ ባሕር ይገባል፣ በየመሀሉ ራውተር አለ። ከዙሩ ላይ መቀነስ ይቻላል፣ ከራውተሩም ላይ እንዲሁ። ከዚያ በታች ግን ወለል አለ። ያንን ወለል የሚቆፍር ገንዘብ የለም።

ወለሉ የብርሃን ብቻ አይደለም። ስሙ አሳስቶናል፤ "የብርሃን ፍጥነት" ስንል የብርሃን የግል ንብረት ይመስላል። በ2017 ነሐሴ (ዓመተ ምሕረቶቹን እንደ አውሮፓውያኑ ነው የምጽፈው) 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ርቀው የነበሩ ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች (የሞቱ ግዙፍ ኮከቦች እጅግ የታመቁ ቅሪቶች) ተጋጭተው ሁለት ዓይነት ወሬ ደረሰን። አንደኛው የስበት ሞገድ ነው፣ የኅዋው የራሱ መናጥ። ሁለተኛው ጋማ ጨረር ነው፣ ማለትም ብርሃን። 130 ሚሊዮን ዓመት ተጉዘው እዚህ ሲደርሱ በመሀላቸው የነበረው ልዩነት 1.7 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ስበት ብርሃን አይደለም፤ ግን በዚያው ፍጥነት ይሄዳል። መጠነ ቁስ የሌለው ነገር ሁሉ የሚሄደው በዚሁ ፍጥነት ነው፣ ከዚህ አይበልጥም፣ ከዚህም አያንስም። ፍጥነቱ የተሠራው ከኅዋና ከጊዜ ጨርቅ ነው። ብርሃን መጀመሪያ ስላየነው ስሙን ወሰደ።

ብርሃን ጊዜ እንደሚወስድ የታወቀው ራሱ በዘገየ ወሬ ነው። ኦሌ ሮመር የተባለ ዴንማርካዊ ፓሪስ ሆኖ አዮ የምትባለውን የጁፒተር ጨረቃ ይከታተል ነበር። አዮ በጁፒተር ጥላ የምትገባበትና የምትወጣበት ሰዓት ተሰልቶ የታወቀ ነው። ነገር ግን ምድር ከጁፒተር እየራቀች ስትሄድ ግርዶሹ ከተሰላለት ሰዓት ይዘገያል፣ ስትቀርብ ይቀድማል። ሮመር በ1676 የሰጠው መልስ አዮ አልዘገየችም፣ የዘገየው ከእሷ የሚመጣው ብርሃን ነው የሚል ነው። ይህን ታሪክ ተማሪ ሳለሁ በአንድ ገጽ አልፌው ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላ ሳነበው ቆም አልኩበት።

ለምን እንደማይታለፍ ለማየት በቀላል ባቡሩ እንጀምር። ከስታዲየም ወደ መስቀል አደባባይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው እንበል። ውስጡ ያለ ሰው ወደ ፊት በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢራመድ ፌርማታው ላይ ለቆመው 45 ሆኖ ይታየዋል። ያ ሰው ታዲያ የስልኩን ባትሪ ወደ ፊት ቢያበራስ? ብርሃኑ የባቡሩን 40 ይጨምራል ብለን እንጠብቃለን። አይጨምርም። በ1887 ማይክልሰንና ሞርሊ የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ውስጥ የፈተኑት ይህንኑ ነው፤ ባቡራቸው ምድር ራሷ ነበረች፣ በፀሐይ ዙሪያ በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር የምትከንፈው። ብርሃንን በምድር ጉዞ አቅጣጫና ያንን አቋርጦ በሚያልፍ አቅጣጫ ልከው አወዳደሩ። የጠበቁት ልዩነት አልተገኘም።

በ1905 የ26 ዓመቱ አንስታይን፣ በርን ከተማ የፓተንት ቢሮ እየሠራ፣ ይህን ነገር እንደ ችግር ማየት ትቶ መነሻ አደረገው። ማንም ሰው፣ በየትኛውም ፍጥነት ቢጓዝ፣ ብርሃንን ሲለካ ያንኑ ቁጥር ያገኛል። ዛሬ በትክክል በሰከንድ 299,792,458 ሜትር ነው። ይህ ማለት ምን እንደሆነ ቀስ ብላችሁ አስቡት። ብርሃንን ልታባርር ተነሣህ። የብርሃንን ፍጥነት ግማሽ ስትደርስ ዞር ብለህ ለካኸው፣ አሁንም በዚያው በሙሉ ፍጥነቱ ይሸሽሃል። ከመቶ 99 እጁን ደረስክ፤ አሁንም ያው ነው። ሩጫህ ከብርሃን ጋር ባለህ ርቀት ላይ የለወጠው ነገር የለም፣ አንድ እርምጃ አልቀረብከውም። የማይቀርቡትን ደግሞ መቅደም አይቻልም። ለዘጠነኛ ክፍሉ ልጅ ዛሬ የምሰጠው የመጀመሪያ መልስ ይህ ነው።

ሁሉም ሰው ያንኑ ቁጥር ለማግኘት ሌላ ነገር መተጣጠፍ ነበረበት፤ የተጣጠፈው ጊዜና ርዝመት ነው። እዚህ ላይ እኛ ሐበሾች በቀላሉ የምንሳሳትበት ነገር ይመስለኛል። ጊዜ አንጻራዊ ነው ሲባል ወዲያው የሁለት ዓይነት ሰዓት ጉዳይ ይመስለናል። የአባቴ ሰዓት 9፡10 ሲል ሌላው 3፡10 ይላል፤ አንዱ ቀንን ከንጋት ይቆጥራል፣ ሌላው ከእኩለ ሌሊት። ያ የስያሜ ልዩነት ብቻ ነው፣ የሚያልፈው ሰከንድ አንድ ነው። የአንስታይኑ እንደዚያ አይደለም። የሚያልፈው ሰከንድ ራሱ ይለያል። በ1971 ሃፈልና ኪቲንግ የተባሉ ተመራማሪዎች የአቶም ሰዓቶችን በመንገደኛ አውሮፕላን ጭነው በምሥራቅም በምዕራብም ዓለምን ዞሩ፤ ሲመለሱ መሬት ላይ ከቀሩት ሰዓቶች ጋር በቢሊዮንኛ ሰከንድ ተለያዩ፣ ቀመሩ በሚለው ልክ።

ከዚያ የሚቀርብ ማስረጃ ካስፈለገ መዳፋችሁን ዘርጉ። አሁን፣ ይህን እያነበባችሁ። ከኅዋ የሚመጡ ጨረሮች ከባቢ አየሩን ሲመቱ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሙዮን የሚባሉ ቅንጣቶች ይወለዳሉ። በሰው መዳፍ በየሰከንዱ አንድና ከዚያ በላይ ያልፋል፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ከባሕር ዳርቻ ሰዎች ይልቅ ለእኛ ይበዛል። የሙዮን አማካይ ዕድሜ 2.2 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ነው። በብርሃን ፍጥነት ቢሄድ እንኳን በዚያ ዕድሜው 660 ሜትር ነው የሚጓዘው፤ ከአራት ኪሎ ተነሥቶ ፒያሳ ሳይደርስ መንገድ ላይ ያልቅበታል። ነገር ግን ያን ሁሉ ከፍታ ወርዶ መዳፋችሁ ላይ ደርሷል። በእኛ ሰዓት ሲለካ የእሱ ሰዓት ዘግይቶ ይቆጥራልና።

የጉልበቱም ነገር አለ። ኤሌክትሮንን ብትገፋው ይፈጥናል፣ ደግመህ ብትገፋው ይፈጥናል፣ ከዚያ በኋላ ብትገፋው ግን የሚጨምረው ፍጥነት እየቀጠነ ይሄዳል። ቤርቶዚ የተባለ ተመራማሪ በ1964 ይህን ለካ፤ ኤሌክትሮኖቹ መጨረሻ ላይ ሲቆሙ የሚለቁትንም ሙቀት ለካ፣ የሰጣቸው ጉልበት አልጠፋም። ሁሉም እዚያ ነው፤ ወደ ፍጥነት መለወጡን ብቻ አቁሟል። ጄኔቭ ያለው የሰርን (የአውሮፓ የቅንጣት ምርምር ማዕከል) ትልቁ ማፋጠኛ፣ 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው፣ ፕሮቶንን ከብርሃን በሰከንድ 3 ሜትር ያህል ብቻ እስኪያንስ ድረስ ይነዳዋል። መስቀል አደባባይ ጠዋት በሶምሶማ የሚሮጥ ሰው ፍጥነት ነው ይህ። ያቺን የሶምሶማ ክፍተት ለመዝጋት የዓለም ጉልበት ሁሉ ቢደመር አይበቃም።

አንድ ጊዜ ተዘጋ ተብሎ ነበር። በ2011 መስከረም ከሰርን የተላኩ ኒውትሪኖ የሚባሉ ቅንጣቶች 730 ኪሎ ሜትር መሬት ውስጥ አቋርጠው ጣሊያን ግራን ሳሶ ያለው መሣሪያ ዘንድ ከብርሃን በ60 ናኖ ሰከንድ ቀድመው ደረሱ ተባለ። ዜናውን የሰማሁበትን ቦታ አስታውሳለሁ፣ ልቤም እንዴት እንደመታ። ተመራማሪዎቹ ያደረጉትን እስከ ዛሬ አከብራለሁ፤ "ብርሃንን ቀደምን" ብለው አልፎከሩም፣ "ስሕተታችንን ፈልገን አጣን፣ እናንተም ፈልጉልን" ነው ያሉት። ከወራት በኋላ ተገኘ፦ በደንብ ያልጠበቀ አንድ የፋይበር ገመድ ማገናኛ። እኔ ስንት ቀን መሬት ላይ ተንበርክኬ ካቢኔ ውስጥ የላላ ማገናኛ ፈልጌአለሁ! ጫን ስታደርገው የምትሰጠውን "ቀጭ" የምትል ድምፅ አውቃታለሁ።

ይህ ሁሉ ግን እንዴት እንደማይታለፍ ይነግራል እንጂ ለምን እንደዚያ እንደሆነ እስከ ሥሩ አይነግርም። ሥሩ ፍጥነት አይደለም። ሥሩ ፊትና ኋላ ነው፤ ምክንያትና ውጤት።

ከአንስታይን በኋላ "በዚያችው ቅጽበት" የሚባለው ነገር የሁሉም ሰው የጋራ መሆኑ ቀረ። ሁለት ድርጊቶች፣ አንዱ እዚህ አንዱ ሩቅ አገር፣ በመሀላቸው ብርሃን ለመድረስ ጊዜ ካላገኘ፣ የትኛው ቀደመ የሚለው በተመልካቹ ጉዞ ላይ ይወሰናል። አንዱ ተጓዥ የእዚህኛው ቀደመ ይላል፣ ሌላው የእዚያኛው፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ይህ ጉዳት የለውም፣ ምክንያቱም አንዱ ሌላውን ሊነካው አይችልም። ብርሃን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚደርስበት ጊዜ ካለ ግን ቅደም ተከተሉ ይጸናል። የትኛውም ተጓዥ፣ የቱንም ያህል ቢከንፍ፣ አይገለብጠውም።

አሁን ከብርሃን የሚፈጥን መልእክት አለ እንበል። መልእክቱ መላኩና መድረሱ ቅደም ተከተላቸው ካልጸናው ወገን ይሆናሉ፤ ለአንዳንዱ ተጓዥ መልእክቱ ሳይላክ ደርሷል። ያ ተጓዥ በተመሳሳይ ዘዴ መልስ ቢልክ፣ መልሱ እኔ ጥያቄውን ከመጻፌ በፊት ስልኬ ላይ ይገባል። ይህን ወረቀት ላይ ሥዬ ያየሁት ከሰልስቱ በኋላ በነበረ ሌሊት ነው፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ። ጊዜን ወደ ላይ፣ ቦታን ወደ ጎን፣ የብርሃኑን መስመር ሰያፍ አሰመርኩ። ከዚያ የአባቴን ሞት አንድ ነጥብ ላይ አደረግሁት። ከብርሃን የሚፈጥን መርዶ ባለበት ዓለም፣ አባቴ ገና እየተነፈሰ፣ እኔ ውኃ እያስጎነጨሁት፣ መሞቱን የሰማ ሰው ሊኖር ይችላል። ያ ሰው ሊደውልልኝም ይችላል። ያኔ "ሞተ" የሚለው ቃል ራሱ ትርጉም ያጣል። እዚያ ወረቀት ላይ ገደቡ ክልከላ መስሎ መታየቱን አቆመ። እኛ የኖርነው ነገር ሁሉ፣ ልደትም ኀዘንም፣ በየተራው እንዲቆም ያደረገው እሱ ነው።

አዲስ አበባና ዋሽንግተን 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ብርሃን በባዶ ቢሄድ 38 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በዚያች ጊዜ ውስጥ ወንድሜ ማወቅ አይችልም ነበር፣ ማንም ቢወደው፣ ማንም ቢሮጥለት። ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ቀን ግን የእኛ ነው። አጎቴ ልክ ነበሩ ብዬ አምናለሁ፤ በሩን ሲከፍት ጓደኞቹ ከእነ ሚስቶቻቸው በጨለማ ቆመው አይቶ ማንም ሳይናገር ገባው፣ የወደቀውም በሰው እቅፍ ላይ ነው። ስልኩን አለማንሣቴ ግን እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። የምለው ባይኖረኝ እንኳን ድምፄን ሰምቶ ነበር።

ለአርባው መጣ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሁለታችን ብቻ በእግራችን ከጊዮርጊስ ወደ ታች ወረድን፤ ልጅ ሆነን ከአባታችን ጋር ኬክ የበላንበትን ቤት ሊያሳየኝ ፈለገ። ቤቱ የለም፣ ሰፈሩም ተቀይሯል፤ አልነገርኩትም ነበር። ቆሞ ሰፊውን መንገድ ሲያይ ቆየ። ከዚያ አንድ ካፌ ተቀምጠን ማኪያቶ አዘዝን።

"በትክክል ስንት ሰዓት ነው?" አለኝ።

የአባባን ሰዓት ከእጄ ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። "ዘጠኝ ከአሥር። በናንተ ማታ ስምንት ከአሥር።"

ስልኩን አውጥቶ ወደ ኋላ ፈለገ። ቀኑን አገኘው። ወደ እኔ አዞረው፤ የነዳጅ ደረሰኝ ነው፣ 8፡07 ይላል።

"ሞልቼ ወጥቻለሁ" አለ። "መንገድ ላይ ነበርኩ።" ቀጥሎ የትኛው መብራት ጋ እንደደረሰ ለማስታወስ ሞከረ፣ በጣቱ ጠረጴዛው ላይ መንገዱን እየሣለ፣ ግራ፣ ከዚያ ድልድዩ፣ ከዚያ ቀጥታ። ማኪያቶው ቀዘቀዘ። ሰዓቱን አንሥቶ ጆሮው ላይ አደረገው።